ኮኮነት ተራራ ሲወጣ

ከኮቺ ወደብ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ውሃው የት አልቆ መሬቱ የት እንደሚጀምር ለመለየት ይቸገራል። ባሕሩ ወደ ሐይቁ፣ ሐይቁ ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ ሩዝ ማሳው ይገባል፤ ቤቶቹ በመካከል በተረፈችው ቀጭን ደረቅ መሬት ላይ ተደርድረዋል። ከሁሉም በላይ ኮኮነቱ አለ። በየጓሮው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በመስጊዱ ደጅ፣ በቦዩ ዳር ግንዱን ወደ ውሃው አዘንብሎ ይታያል። ሥጋው ይበላል፣ ውሃው ይጠጣል፣ ዘይቱ ለድስትም ለፀጉርም ይሆናል፣ ከላይ ከሚለብሰው ቃጫ ገመድ ይፈተላል፣ ቅርፊቱ ይነድዳል። እኔ የሰሜን ሸዋ ደጋ ልጅ ነኝ፤ በልቤ ኮኮነት ከላብና ከአሸዋ ጋር የሚሄድ የሙቀት አገር ፍሬ ነበር። ብርዱን የምናስታግሰው በገብሱ፣ በቅቤው፣ በበርበሬው ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ ህንዷ ኬረላ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ ለራሴም እንግዳ ነበር፤ በኮኮነት ወተት የተሠራ የዶሮ ወጥ እንዴት የብርድ ምግብ ሊሆን ቻለ?

ጥያቄውን የሰጠኝ አባቴ ነው። ደብረ ብርሃን ሲማር ሂሳብ ያስተማሩት መምህር የኬረላ ሰው ነበሩ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ እስከ ደርግ ድረስ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ህንዳውያን ብዙ ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል የኬረላ ተወላጆች ጥቂት አልነበሩም። የአባቴ እኩዮች ስለ እነዚያ መምህራን ሲያወሩ ስለ ጠመኔያቸው፣ ስለ ቁጣቸውና ስለ ሚስቶቻቸው ሳሪ ያወራሉ። አባቴ የሚያነሣው ግን ምግብ ነው። ደብተር ሊያደርስ ወደ መምህሩ ቤት ሄዶ፣ ውጭው ውርጭ በወረደበት ማታ፣ ባለቤታቸው ነጣ ያለ የዶሮ ወጥ በሩዝ አቀረቡለት። አገራቸው ላይኛው ተራራ ላይ ሲበርድ የሚበላው ይህ ነው አሉት። ህንድ ሁሉ በረሃ የሚመስለው ልጅ በዚያ ማታ የሰማውን ማመን አልቻለም፤ ወጡን ግን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ፎርት ኮቺ ያለው የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ጌጥ የማይበዛበት ሕንፃ ነው፤ ወለሉ ላይ ዙሪያው የታጠረ የመቃብር ድንጋይ አለ። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1524 ኮቺ ሞቶ መጀመሪያ የተቀበረው እዚህ ነው፤ አጽሙ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ተወስዷል። ጎብኚው ፎቶ አንሥቶ ያልፋል፤ ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ግን ድንጋዩ ቶሎ የሚታለፍ አይደለም። የዚህ ሰው ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1541 400 ያህል ነፍጠኞች አስከትሎ በምጽዋ በኩል ገባ፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር ተዋጋ፤ በዓመቱ ተማርኮ እኛው ምድር ላይ ተገደለ። አባትየው ኮቺ፣ ልጅየው ሐበሻ ምድር የቀሩት የቁንዶ በርበሬውን ንግድና የቀይ ባሕርን መንገድ ለመያዝ በተነሣ አንድ መንግሥት ምክንያት ነው። መንገዱ ራሱ ግን ከፖርቱጋሎች እጅግ ይቀድማል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የመርከበኞች መምሪያ የእኛን አዱሊስንም የኬረላን ሙዚሪስንም ይጠቅሳል። ሁለቱ ወደቦች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ሳለ እኔ ኬረላን የባዕድ ጫፍ አድርጌ መቁጠሬ አሳሰበኝ።

ማታንቸሪ በሚባለው ሠፈር የቅመም መጋዘኖቹ አሁንም አሉ። ዝንጅብሉ በግቢ ውስጥ ተሰጥቷል፤ ቁንዶ በርበሬው በጆንያ ተደርድሯል፤ አየሩ አፍንጫ ይነካል። ቃሪያና በርበሬ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ወደ ህንድም የገቡት ከፖርቱጋሎች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ድስት ውስጥ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ተራራው ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ኮታየም የደረስኩት ለቅዳሴ ነው። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንበር ያለው በዚህች ከተማ ዴቫሎካም በሚባል ቦታ ነው፤ ምእመናኑ ክርስትናቸውን እ.ኤ.አ. በ52 ወደዚህ ጠረፍ መጣ ከሚሉት ከሐዋርያው ቶማስ ይቆጥራሉ። ደጁ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ በሴቶች በኩል ቆምኩ። መጋረጃው ተዘግቶ ተከፈተ፤ ዕጣኑ ወጣ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ መቼ መስገድ፣ መቼ ማማተብ እንዳለብኝ ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። ይህ ዝምድና በወረቀትም የታተመ ነው። በጥር 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ የማላንካራው ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውገን ተገኝተዋል። በኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተብለው የተሾሙት ፖል ቨርጊስም በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ አስተምረዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱም አማካሪ ነበሩ።

ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ነጠላዬን ያዩ አንድ ሽማግሌ ቀረቡኝና «ደህና ነሽ ወይ?» አሉኝ፤ አማርኛቸው የጎጃም ዜማ አለው። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ይዘውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እምቢ የሚባል ግብዣ አልነበረም። በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ የተማሪዎች ፎቶ ተሰቅሏል፤ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ የጎጃም ልጆች፣ ከኋላቸው ባሕር ዛፍ።

ቁርሱ አፓምና የዶሮ ወጥ ነበር። ባለቤትየው አፓሙን ሲያወጡ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ፤ እጄን መልሼ መልሼ አገጬ ላይ አደረግሁ። ሩዙ ተዘፍዝፎ ከኮኮነት ጋር ይፈጫል። ከሊጡ ጥቂት ይወሰድና በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ገንፎ እስኪሆን ይማሰላል፤ ሲበርድ ተመልሶ ከሊጡ ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ ሌሊቱን ኩፍ ይላል። አብሲት ነው! እናቴ በየሳምንቱ የምትጥለውን አብሲት በሌላ እህል፣ በሌላ ድስት፣ ባሕር ማዶ አገኘሁት። ሊጡ ጎድጎድ ባለች ትንሽ ምጣድ ላይ ፈስሶ ምጣዷ በእጅ ትዞራለች፤ ይከደናል፤ አይገለበጥም። ሲወጣ ዳሩ ስስና ደረቅ፣ መካከሉ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ዓይኑም በደንብ ወጥቷል። «ደብረ ማርቆስ ሳለሁ ጎረቤቶቼ እንጀራ ሲጋግሩ ሳይ ምንም አልገረመኝም» አሉኝ ባለቤትየው። «ትልቅ አፓም ነው አልኩ።»

የአባቴን ነገር አጫወትኳቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ኮኮነት ከየት ያገኙ እንደነበር ስጠይቃቸው ሳቁ። ለዕረፍት አገራቸው ደርሰው ሲመለሱ የደረቀ ኮኮነት በሻንጣ ያመጡ ነበር፤ እሱ ሲያልቅ የላም ወተት ይጠቀማሉ። ወተቱ እንዳይቋጠር ቲማቲም አያስገቡም፣ እሳቱንም ያለዝባሉ። አባቴ ያን ማታ የበላውም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ባለቤትየው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሲነግሩኝ ግን ፊታቸው ከበድ አለ። የላም ወተት በጾም አይገባም፤ የኮኮነት ወተት ግን ይገባል። ኬረላ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ከልደት በፊት 25 ቀን፣ ከትንሣኤ በፊት ደግሞ ዐቢይ ጾምን ይጾማሉ። ሥጋና ወተት ሲቀር ኮኮነቱ ይቀጥላል፤ ዶሮው ቀርቶ ድንቹና አትክልቱ በዚያው ነጭ መረቅ ይበስላል። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮው ይመለሳል፤ መረቁ ያው ነው። ይህ በጣም አስቀናኝ። እኛ ለጾምና ለፍስክ ሁለት ጓዳ አለን፤ የጾሙ በዘይት፣ የፍስኩ በቅቤ። ጾመኛው ምን ያህል ነገር እንደቀረበት በየጉርሻው ያውቀዋል። እዚህ ቤት ግን የወጡ ልስላሴ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። የትኛው ይሻላል ብዬ ራሴን ስጠይቅ የቅቤውን ናፍቆት የጾሙ አንድ አካል አድርጌ ያደግሁ መሆኔን አየሁ፤ እነሱ ደግሞ ጾሙን በሌላ ነገር ያውቁታል።

ከኮታየም ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ በጎማ ዛፍ ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ግንድ ላይ ትንሽ ጽዋ ታስራለች፤ ነጩ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ አናናስ ይመጣል፤ ኔሪያማንጋላም ላይ የፔሪያር ወንዝ ድልድይ ይሻገራል፤ መንገዱም መጠማዘዝ ይጀምራል። እኔ በመስኮት የምከታተለው አንድ ነገር ነበር። ኮኮነቱ መጀመሪያ ሳሳ፤ ቀጥሎ በየቤቱ አንድ ሁለት ብቻ ቀረ፤ በኋላም ጠፋ። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሰፋፊ ቅጠል ያለው ሄል ተተካ። ሄል የእኛ ኮረሪማ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ፍሬያቸውን ከሥራቸው፣ ከመሬት አጠገብ ያወጣሉ። ፍሬውን የሚለቅሙት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ይውላሉ። ከፍ ሲባል ሄሉም ያበቃና ሻዩ ይጀምራል፤ ተራራ ሙሉ እኩል ተከርክሞ የቆመ አረንጓዴ።

ሙናር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 2,800 ሜትር ላይ ለተወለደ ሰው ይህ ከፍታ ወይና ደጋ ነው እንጂ ደጋ አይባልም፤ ጋቢ የሚያስይዝ ነገር አይመስልም። ነገር ግን በታኅሣሥና በጥር በሻይ ሸለቆዎቹ ጎህ ሲቀድ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ጭጋጉ እርጥበት ይዞ ይወጣና ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ላይ አጥንት ይፈልጋል። ከፊት ለፊት የቆመው አናሙዲ 2,695 ሜትር ሆኖ ከደቡብ ህንድ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል፤ እኔ ስደርስ ግን ጭጋጉ ውጦት ነበር።

የሚያስተናግዱኝ ቤተሰቦች የኮታየሙ መምህር የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ ቤታቸው ከሙናር ወደ ቴኒ በሚወስደው መንገድ በሄል ተክል ውስጥ ነው። እናትየውን ሁሉም «አማቺ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲያው አልኳቸው፤ እሳቸው «ሞሌ» ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት። ወላጆቻቸው ከኮታየም በኩል የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሩዝ እጥረት ሲመጣ የትራቫንኮር መንግሥት ደኑ ታርሶ እህል እንዲዘራበት ፈቀደ፤ ከሜዳው ብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ወደ ተራራው ተሰደደ። ወባ ነበረ፣ ዝሆን ነበረ፣ ብርድ ነበረ። አማቺ በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው እንደወጡ ይናገራሉ። በሌላኛው ትከሻ ምን ነበር ስላቸው የኮኮነት ጆንያ አሉኝ። እዚያ ከፍታ ላይ እንደማያፈራ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ከታች ያለው ዘመድ እየላከ፣ የሚወርድ የሚወጣው እየተሸከመ፣ ድስቱ ግን ያለ ኮኮነት አላደረም። በምትኩ ከላይ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ይወርዳል።

እዚህ ቦታ ላይ የአባቴ ጥያቄ ራሱ መልስ አገኘ። ይህ ምግብ የተራራው ስጦታ አይደለም፣ የሜዳውም አይደለም። የወጡ ሰዎች የቤታቸውን ለስላሳ መረቅ ይዘው ሄደው፣ ብርዱ የሚጠይቀውን ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ከሚኖሩበት ቁልቁለት ለቅመው ጨመሩበት። በሜዳው በበላሁት ወጥ ውስጥ ቁንዶ በርበሬው ያልፍ ነበር፤ በተራራው ወጥ ውስጥ ግን ይቀመጣል።

አማቺ ማድ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ጠርሙስ ነው። የኮኮነት ዘይት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ይረጋል፤ ኮቺ ላይ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ያየሁት ዘይት እዚህ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ጠርሙሱን ሞልቶታል። አማቺ ጠርሙሱን ከምድጃው ዳር አስቀምጠው ወደ ሥራቸው ሄዱ። የብርዱን መጠን የሚለኩትም በዚህ ነው፤ ዘይቱ ለመቅለጥ በቆየ ቁጥር ወጡ ላይ ቁንዶ በርበሬ ይጨምራሉ።

ኮኮነቱ በገጀራ ጀርባ አንድ ጊዜ ተመትቶ እኩል ለሁለት ተከፈለ። መፋቂያው ጫፉ ጥርሳም የሆነ የብረት ምላስ የተሰካበት አጭር በርጩማ ነው። አማቺ ተቀመጡበትና ግማሹን ኮኮነት በምላሱ ላይ እያዞሩ ፋቁት፤ ነጩ ፍቅፋቂ እንደ በረዶ ሳህኑ ላይ ወረደ። ቡናማው ልባስ ሲደርስ ያቆማሉ፤ እሱ ከገባ መረቁ ይጠቁራል። ለአንድ መካከለኛ ዶሮ ሁለት ኮኮነት ፋቁ። ፍቅፋቂው ላይ ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ጨምረው በእጃቸው አሹት፣ በጨርቅ ጨመቁት፤ አንድ ብርጭቆ የሚሆን ወፍራም ወተት ወጣ። ያን ለብቻው አስቀምጠው በዚያው ፍቅፋቂ ላይ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጨመሩና እንደገና ጨመቁ፤ ሁለተኛው ቀጠን ያለ ነው። አቦልና ቶና ነው ብዬ ለራሴ ሳቅሁ፤ ሲኒ ላይ አቦል ይቀድማል፣ ድስት ውስጥ ግን ቶናው ቀድሞ ገብቶ አቦሉ መጨረሻ ይጠበቃል።

ዶሮው ከእኛ ብልት አወጣጥ ጋር አይገናኝም፤ ከነአጥንቱ በትንንሹ ይከተፋል፤ በእርድ፣ በጨውና በተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ታሽቶ ይቀመጣል። ድስቱ ላይ የቀለጠው ዘይት ገባ፤ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ ሦስት ቅርንፉድ፣ አራት አምስት የተደቆሰ ሄል ተከተለ። ከዚያ ደቃቁ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ተቆርጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ፣ ቃሪያው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አንድ ዘለላ የካሪ ቅጠልም ገባ። ይህ ቅጠል ዘይት ሲነካው ይንጣጣል፤ ሽታውን ከሎሚ ቅጠልና ከጤና አዳም መካከል አንድ ቦታ ላይ አገኘሁት። ሽንኩርቱን እንደ እኛ ቁሌት እስኪጠቁር አያቆዩትም፤ ልክ መለስለስ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ የድንብላል ዱቄትና ዶሮው ይገባል። እጄ ማማሰያውን ለመያዝ ቸኮለ፤ ሽንኩርቱ ገና ጥሬ መሰለኝ። ዶሮ ወጥ በእኛ ቤት ግማሽ ቀን የሚበላው ቁሌቱ ነው፤ ክብሩም እዚያው ነው። አማቺ ትዕግሥታቸውን ያስቀመጡት ሌላ ቦታ ነበር።

ቶናው ድስቱ ላይ ፈሰሰ፤ በአራት የተከፈለ ድንች ተጨመረ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከድኖ በለዘብታ በሰለ። ዶሮው ከአጥንቱ ሊለቅ ሲል አማቺ እሳቱን ጎትተው አወጡ። ማገዶውን ከድስቱ ሥር አንድ በአንድ አወጡት፤ ፍም ብቻ ቀረ። መንተክተኩ እስኪቆም ቆዩ። ያኔ አቦሉን አንሥተው በዳር በዳር አፈሰሱ፤ በማማሰያ ሳይሆን ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዘው አወዛወዙት። የኮኮነት ወተት ውስጥ ቅባቱን ከውሃው ጋር አጣብቆ የያዘው ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ብርቱ እሳት ሲያገኘው ይቋጠራል፣ ዘይቱም ተለይቶ ይንሳፈፋል። ታይላንድ ውስጥ ሆን ብለው ዘይቱን አስወጥተው ቅመሙን የሚያቁላሉበት አሠራር አለ፤ ለዚህ ወጥ ግን ያ ጥፋት ነው። ጠቅላላው ልስላሴ የተንጠለጠለው እሳቱ ከወጣ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ ላይ ነው። በመጨረሻ ጥቂት ሰናፍጭ፣ የሽንኩርት ቁራጭና የካሪ ቅጠል በዘይት ተጠብሶ ከላይ ፈሰሰ፤ መከለሻ ነው፣ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ስንበላ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ የሚገባው ልስላሴው ነው፤ የኮኮነቱ ጣፋጭነት ምላስን ይሸፍናል፤ ቅባቱ ሙቀቱን ስለሚይዘው ወጡ ሳህን ላይ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ቁንዶ በርበሬው ዘግይቶ ይመጣል። በርበሬ አፍን ይይዛል፤ ይህኛው ግን ወርዶ ደረት ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይበላ ነበር። አማቺ አፓሙን ቆርሰው መረቁ ውስጥ አጥቅሰው ሳህኔ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ጉርሻ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

ይህን ምግብ ግን ተራራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አይበላውም። በማግስቱ ሻይ ከሚለቅሙ ሴቶች ጋር መንገድ ዳር ተቀምጬ ነበር። አብዛኞቹ ታሚሎች ናቸው፤ አያቶቻቸው በእንግሊዞች ዘመን ከታሚሎች አገር ለሻይ ሥራ የመጡ ናቸው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ አንድ ትንሽ ባቡርም ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የመጣው ጎርፍ ጠራርጎት ሄደ። የኬረላ ሰዎች የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር ስላላቸውና ያ ዓመት በእነሱ 1099 ስለነበረ እስከ ዛሬ «የዘጠና ዘጠኙ ጎርፍ» ይሉታል፤ ዘመኑን በራሱ የሚቆጥር ሕዝብ ስሰማ ልቤ ይሞቃል። ከሴቶቹ አንዷ ስለ ዶሮ ወጡ ስጠይቃት ፈገግ አለች። ሁለት ኮኮነት ፍቆ ሁለት ጊዜ መጭመቅ ጊዜ ላለው ነው አለችኝ። እሷ ኮኮነቱን፣ ዶሮ በተገኘ ቀን፣ ከቅመሙ ጋር አንድ ላይ ፈጭታ አንድ ጊዜ ትጨምረዋለች፤ ያውም አንዱን ኮኮነት ለሁለት ቀን አብቃቅታ። ከጎህ እስከ ማታ ቁልቁለት ላይ የቆመ ሰው ማታ እሳት እያወጣ፣ ድስት እያወዛወዘ ሊጠብቅ አይችልም። እነዚህ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2015 የሠራተኛ ማኅበራቱን መሪዎች ወደ ጎን ትተው፣ ራሳቸው ተደራጅተው፣ ሙናር መንገድ ላይ ተቀምጠው የጉርሻ ክፍያቸው እንዲስተካከል አድማ መትተው ያሸነፉ ናቸው። በአማቺ ቤት የበላሁት ልስላሴ ጊዜና ሁለት ኮኮነት የሚጠይቅ መሆኑን ከእነሱ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምግቡ ስናገር ይህንንም አብሬ እናገራለሁ። የሴትየዋን አሠራርም ሞክሬዋለሁ፤ ሻካራ፣ ጠንካራ፣ ቡናማ ወጥ ነው፤ ብርድ ላይ ይሠራል።

አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና እሠራዋለሁ። ቅርፊቱ ያልተሰበረ ኮኮነት እዚያ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት በቆርቆሮ የመጣውን የኮኮነት ወተት እጠቀማለሁ። ቆርቆሮው አይናወጥም። ብርድ ላይ ሲያድር ወፍራሙ ከላይ ይረጋል፤ ያ አቦሉ ነው፣ በማንኪያ አንሥቼ አስቀምጠዋለሁ። ከታች የቀረው ቀጭን ላይ ውሃ ጨምሬ ዶሮውን አበስልበታለሁ። የአበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት አይበቃውም፤ እጥፉን ይፈልጋል፣ ቶናውም እንዲሁ መብዛት አለበት። በሄል ፋንታ ኮረሪማ ስጨምር ሽታው ወደ ጭሱ ያደላል፤ ከቁንዶ በርበሬው ጋር ስለሚስማማ አሁን እሱን እመርጣለሁ። የካሪ ቅጠል ምትክ የለውም፤ ከሌለ ይቀራል እንጂ በሌላ ቅጠል መሸፈን ወጡን ያበላሻል። አባቴ ቀምሶ የመምህሩ ቤት ወጥ ከዚህ ቀጠን ይል ነበር አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ።

ጎረቤቶቻችን በእንጀራ ይበሉታል። ነጭ ጤፍ ሲሆን መረቁን ዓይኑ ይጠጣዋል፤ ለሩዝ ከሚሠራው ትንሽ ወፈር ማድረግ ነው። ነቢያት ጾም የሚገባው ልክ ብርዱ ሲበረታ ነውና ዶሮው ይቀራል፤ ድንች፣ ካሮትና ፎሶሊያ በቶናው ይበስላሉ፣ እሳቱ ይወጣል፣ አቦሉ ይገባል። ዝንጅብሉን እጥፍ አደርገዋለሁ፤ ቁንዶ በርበሬውንም ከዶሮው ጊዜ አልቀንስም።